ማስረሻ ይመጣል

የዕረፍታችን የመጨረሻ ቀን ጠዋት፣ የሚስቴ አጎት ጋሽ ሐዲስ ቤዚን «ልብስሽን አውልቂ» ሲሏት ሰማሁ። ፎጣዬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ጓሮ ወዳለው መታጠቢያ እየሄድኩ ነበር፤ የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ ሐዲስ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የቆረቡ፣ ክፉ ቃል የማይወጣቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤዚ ደግሞ የሚስቴ የሶፊ ታላቅ ወንድም የማስረሻ ሚስት ናት። ምን ጉድ ነው ብዬ እግሬ እዚያው ቀጥ አለ። ቤዚ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከሥር ነው እኮ ጋሼ፣ አይታይም» አለቻቸው። እሳቸውም «ስታጎነብሺ ጥቁሩ ይታያል። አሥራ ሦስት ቀን ችለሽ የዛሬዋ አንድ ቀን አቃተችሽ? እሷ በሰላም ትሂድና ከፈለግሽ ማቅ ልበሺ» አሏት። ከዚያ ቤዚ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማኝ።

ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ከቀሚሷ ሥር ጥቁር ደብቃ እንደማትለብስ ለማወቅ እዚህ አገር መወለድ አያስፈልግም። እኔ የተወለድኩት ጅቡቲ ነው። ወላጆቼ ከዚህ ሄደው እዚያ ወለዱኝ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ሄጄ ሻርጃ ኤሲ ጠጋኝ ሆንኩ። ኢትዮጵያን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የገባሁትም እንደ ማንኛውም ቱሪስት ቪዛ አስመትቼ ስለሆነ፣ አዳማ ያለው የሚስቴ ሰፈር ገና በሁለተኛው ቀን «ጅቡቲው» የሚል ስም አውጥቶልኛል። ቢሆንም ቋንቋውንም ወጉንም እናቴ ከጡቷ ጋር አጥብታኛለች። ማስረሻ ሞቷል ማለት ነው። ከባድ መኪና ይነዳል፣ ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቀ ነው፣ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እየተባልን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንጠብቀው የከረምነው ሰው የለም። መጀመሪያ የተሰማኝን ነገር ብናገር ሰው ያፍርብኛል፤ እፎይታ ነው። ከሶፊ ጋር ባለፈው ሐምሌ ሻርጃ ስንጋባ ሽማግሌ አዳማ ድረስ አልላክሁም ነበር። ማስረሻም «እህቴን እንደ ዕቃ በስልክ ወሰዷት» ብሎ መቀየሙን፣ ከዚያ ወዲያም ለእሷ በጽሑፍ እንጂ በድምፅ መልስ መስጠት መተዉን አውቃለሁ። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ሁሉ እኔን ላለማየት ነው የቀረው እያልኩ ስሸማቀቅ ነበር። «ለካ በእኔ አይደለም» አለ ልቤ። ሐፍረቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጋሽ ሐዲስ ሲወጡ ፎጣዬን ይዤ ቆሜ አገኙኝ። አልደነገጡም። ክንዴን ይዘው ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ወሰዱኝና፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ሁሉንም እንደ ተራ ወሬ ነገሩኝ። መኪናው የተገለበጠው መስከረም ሃያ ሰባት ቀን ከመተሐራ ወዲህ ነው። ያን ሰሞን ሶፊ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በሰው አገር፣ ቁስሏ ሳይደርቅ ማን ይንገራት ተባለ። ስትድን ይነገራታል ሲባል፣ ለፋሲካ እመጣለሁ አለች፤ እንግዲያው ቤቷ ገብታ ሰው በተሰበሰበበት ትስማ ተባለ። የመጣነው ግን በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነው። ሳምንቱ ይለፍ ተባለ። ፋሲካ ሆነ፤ በፋሲካ ማን መርዶ ይናገራል? ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ለቅሶን አታበረታታም ተባለ። እናቷ እማማ መሰለች በበኩላቸው ልጄ ከስታለች፣ ሁለት ቀን ትብላልኝ፣ ሁለት ቀን ሳቋን ልስማ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ለሌላው ሲያሳልፍ ሁለት ሳምንቱ አለቀ። በዚህ መሃል የማስረሻን ስልክ የያዘችው ቤዚ ናት፤ ሶፊ ስትጽፍ በእሱ ስም ደህና ነኝ እያለች የምትመልሰው እሷ ናት። ሰባት ወር ሊሞላ!

አሁንም መላ አላቸው። የሻርጃ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሴቶችን ስልክ አግኝተው ተነጋግረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ተሰብስበው ያረዷታል፤ እኔ እስከዚያ ምንም እንዳላወቀ ሆኜ አደርሳታለሁ። መቃብሩን ሳታይ ትሂድ ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ሐዲስ ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸው ውኃ አቅርሮ ነበር።

«መቃብር የት ይሄዳል ልጄ? ሌላ ጊዜ ስትመጣ ታየዋለች። አደራህን፣ ሆድ ይፍጀው። ዝም አይነቅዝም።»

ቁርስ ጨጨብሳ ነበር፤ በማርና በቅቤ ጠግቦ የሚያብለጨልጭ፣ በሰፊ ሳህን የቀረበ። እማማ መሰለች በእጃቸው እያጎረሱኝ «ብላ እንጂ ልጄ፣ ዛሬ ምን ሆንክ?» አሉኝ። ሶፊም ትናንት ሦስት ሰው የሚበላውን ጨርሶ ዛሬ ኩራት ጀመረው ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ ቤቱን ሞላው። ያን ጠዋት ቤቱን እንደ አዲስ አየሁት። ከቡፌው በላይ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ ቀለሙ ሳያረጅበት የቀረ፣ ፎቶ የተነሣለት ቦታ ነው፤ ሁለት ሳምንት ከፊቱ ተቀምጬ በልቻለሁ። ከቤዚ ራስ ላይ የማይወርደው ሻሽ አጭር የተቆረጠ ፀጉሯን ለመደበቅ ነው። ጎረቤቱ ሦስት አራት እየሆነ መጥቶ እንኳን ደህና መጣሽ ካለ በኋላ እንዲያው ዝም ብሎ መሬት መሬት የሚያየው፣ ሻይ ሳይጠጣ የሚነሣው በእኔ ባዕድነት አልነበረም። አንድ ሙሉ ሰፈር አንዲት ሴት ፊት ሲተውን ከርሟል። ከሁሉ የባሰችብኝ ቤዚ ናት። ማታ ማታ እኔና እሷ ማድ ቤት ሳህን እናጥብ ነበር፤ እኔ ሻርጃ ለብቻዬ ስለኖርኩ ዕቃ ማጠብ አያሳፍረኝም፣ እሷም መጀመሪያ «ኧረ ሰው እንዳያይህ» ብላ ብትከለክለኝም በኋላ ለመደችው። ሶፊ ቀልዳ ስታስቃት ትስቅ ነበር። ባሏን ከቀበረች ሰባት ወር ያልሞላት ሴት፣ ዘፈን ከፍተውላት፣ አረንጓዴ ቀሚስ አልብሰዋት፣ ስለ ባሏ ሲወራ «እሱ እኮ እንዲህ ነው» እያለች በሕይወት እንዳለ ስታወራ ከርማለች።

የመጨረሻዋን ቀን ሶደሬ እንድንውል ያቀደችው ሶፊ ናት። ተማሪ ሳለች ከሄደች ወዲህ አላየችውም፤ ፍል ውኃ ገብተን፣ ዓሣ በልተን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰን ሻንጣችንን ይዘን ወደ ቦሌ መሄድ ነው። የሚወስደን ጫላ ነው፤ የማስረሻ የልጅነት ጓደኛ፣ አምሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ በአሮጌ ቪትዝ እየሠራ አምስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው። «አካም ቡልታን» ብሎ ሰላም ሲለን ዓይኔን አየኝ፤ ማወቄን ያን ጊዜ ያወቀ ይመስለኛል፣ ቶሎ ብሎ መስታወት መወልወል ጀመረ። ቤዚንም እንውሰዳት ብላ ሶፊ ለመነች። ጋሽ ሐዲስ ሻንጣ የሚያሥረው ማነው ብለው አስቀሯት። ልትሸኘን በር ድረስ ስትወጣ ጥቁሩን አውልቃው ነበር።

ከከተማው ልንወጣ ስንል መንገዱ ዳር አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጫላ መኪናዋን ቀዝቀዝ አደረጋትና አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ኮፍያውን ከራሱ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ማስረሻ የተኛው እዚያ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ የሾፌሩ አንገት ነገረኝ። ሶፊ እንደ ልማዷ በመስኮቱ ተሳለመች፤ ከወትሮው ቆየት ብላ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ምን ብለሽ ጸለይሽ አልኳት። ለማስረሻ ልቡን እንዲያራራልኝ ነው አለችኝ። እኔ ወደ ሜዳው ዞርኩ። ከዚያ ወዲያ መልካሳ እስክንደርስ ስለ ልጅነታቸው አወራችልን። ማስረሻ ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ሁሩታ ድረስ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሄዶ፣ ስንዴ አራግፎ ባገኘው ገንዘብ የመጀመሪያ ጫማዋን እንደገዛላት፣ ጫማው ግን ሁለቱም የግራ እግር ሆኖ እንደተገኘ፣ እሷም እንዳይከፋው ብላ አንድ ወር በሁለት ግራ ጫማ ትምህርት ቤት እንደሄደች ነገረችን። ጫላ ታሪኩን የሚያውቀው ይመስላል፤ ከመሃል እየገባ «ቡናማ ነበር» አለ፣ ሳቀም። ስቆ ሲያበቃ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

ሶደሬ ሰኞ ስለሆነ ጭር ብሏል። ጦጣዎቹ እንኳን የሚነጥቁት ሰው አጥተው ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ፍል ውኃው ውስጥ ገባን። ሶፊ አንገቷ ድረስ ጠልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ውኃው ላይ እንደ ሕፃን እጇን ታንሳፍፋለች። የቀዶ ሕክምናዋ ጠባሳ ከውኃው በታች ይታየኛል፤ ያኔ ሲቀዷት ወንድሟ በሕይወት ነበረ፣ ሲሰፉት ምናልባት አልነበረም። ልንገራት አልኩ። ከዚያ ደግሞ ውኃ ውስጥ? አልኩ። እርቃኗን ሆና መርዶ ትስማ? ስትወጣ እነግራታለሁ አልኩ። ስትወጣ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ከተጋባን ጀምሮ እንደዚህ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም አለችኝ። እንዴት ብዬ አፌን እከፍታለሁ? ጠዋት ጋሽ ሐዲስን ስፈርድባቸው ነበር፤ ለካ እኔም እሳቸውን ለመሆን ግማሽ ቀን ነው የበቃኝ። ትብላና፣ አልኩ። ባዶ ሆዷን አትስማው አልኩ። ልክ እንደ እናቷ።

ምሳ ከወንዙ ብዙም ሳንርቅ አንድ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት በላን። ዓሣው ሙሉውን ተጠብሶ ከነጭንቅላቱ ይመጣል፤ ሎሚና ዳጣ ከጎኑ፣ እንጀራው ሞቃት። ሰባት መቶ ብር ነው። ሶፊ ዋጋውን በድርሃም መንዝራ በዚህ እኮ ሻርጃ ሳንድዊችም አንጠግብም አለች። ደግሞ ጥብስ አዘዘች፣ ለጫላም የብቻው። እጇን ታጥባ መጣችና በጣቶቿ አጥንቱን ነቅላ ሥጋውን ለእኔ እያጎረሰች፣ ወሬ ማውጣት ስትፈልግ እንደምታደርገው ቀስ ብላ ጫላን ጠየቀችው። አንተ ጓደኛው ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ማስረሻ በእኔ ተቀይሞ ነው አይደል የቀረው አለችው። ጫላ አልተቀየመም አለ። ታዲያ ለምን አልመጣም አለችው። መኪናው ጭነት ይዞ ነው አለ ጫላ፤ ሁለት ጊዜ እንኳን ሳይጎርስ ተነሥቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ፣ ሄዶም አልተመለሰም። ሶፊ እያየችው ቆየች። ከጫላ ፊት ያነበበችው ነገር ነበር፤ ያነበበችው ግን ሌላውን ነው። ወንድሟ እንደጠላት ነው ያረጋገጠችው። ስልኳን አወጣች። ተይው ብላት አልሰማችኝም፤ ቁልፉን ተጭና፣ በንጹሕ እጇ አፏ ጋር አስጠግታ ተናገረች።

«ማስሬ፣ እኔ ነኝ። ዛሬ መሄዴ ነው። አሥራ አራት ቀን በር በሩን ሳይ ነው የከረምኩት። ባሌን ላለማየት ብለህ ነው አይደል? እሺ። እኔም ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለኝም ብዬ እቆጥረዋለሁ። አንተም እህት ሞታብኛለች በል።»

ላከችው። ከዚያ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ መብላት ጀመረች። የልቧን ተናግራ ስለወጣላት ነው መሰለኝ ምግቡ ጣማት፤ ዓሣውን እስከ ጭራው ድረስ ጨረሰችው፣ ጥብሱንም ወደ እሷ ሳበችው፣ የእኔ ሳህን እንዳለ መሆኑንም አላየችም። እኔ አዳማ ያለችውን ሴት ነበር የማየው። በዚች ደቂቃ ማድ ቤት ተቀምጣ፣ በርበሬና ሽሮ በላስቲክ እያሠረች፣ ስልኩ ኪሷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አውጥታ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው። የሞተ ባሏን ከሞተ በኋላ ሲሰድቡት ስትሰማ። ዝም ባልኩበት በእያንዳንዱ ሰዓት እኔም አብሬ ደበደብኳት። ሶፊ አስተናጋጇን ጠርታ ሻይ አዘዘች።

መልሱ የመጣው ስንመለስ ነው። ስልኩ ጮኸ፤ ሶፊ አይታው ጮክ ብላ ሳቀች፣ ወዲያው እንባዋ ወረደ፣ ማስሬ ነው፣ ማስሬ ጻፈልኝ አለች። ጫላ በመስታወቱ አየኝ። ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር።

«እህቴ፣ ልክ ነሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። መምጣት ፈልጌ ነው ያልቻልኩት። ባልሽን ወድጄዋለሁ። ሳህን ሲያጥብ ከልቡ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ደህና አድርጎ ይይዝሻል። በእኔ አትዘኚ። በሰላም ግቢ።»

ሁለተኛ ጊዜ ስታነበው ግን ከመሃል ቆመች። ሳህን ማጠብህን ማን ነገረው? አለችኝ። ምናልባት ቤዚ ነግራው ይሆናል ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብናገረው ኖሮ ታምነኝ ነበር፣ ተደስታ ትሄድ ነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት ባዕድ አገር፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ፣ ስማቸውን እንኳን በቅጡ የማታውቃቸው ሴቶች ከብበዋት ትሰማው ነበር። ከዚያም ይህንን ጽሑፍ ደግማ ታነበዋለች። እጇን ያዝኩ። እጇ የዓሣና የሎሚ ሽታ ነበረው።

«ሶፊ፣ የጻፈችው ቤዚ ናት» አልኳት።

ቤዚ ለምን ትጽፋለች፣ ስልኩ ከእሱ ጋር አይደለም እንዴ አለች። እሱስ የት ሄዶ ነው አለች። ጫላ መኪናዋን ከመንገድ አውጥቶ አቆማት። ያኔ ሶፊ ዓይኗን ከእኔ አንሥታ የጫላን ማጅራት ማየት ጀመረች፤ ረጅም ጊዜ አየችው። አንተም ታውቅ ነበር? አለችው። ጫላ ሳይዞር «አስከሬኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ እህቴ» አለ። መቼ ነው አለች። መስከረም ሃያ ሰባት አልኳት እኔ። ጩኸቱን ጠበቅኩ፤ ራሷን እንዳትመታ ሁለት እጇን ይዤ ነበር። አልጮኸችም። እጆቿን ከእጄ አወጣችና ስልኳን ከፍታ ምሳ ላይ የላከችውን ድምፅ ፈለገች፣ ልታጠፋው ሞከረች። «ሰምታዋለች» አለችኝ። «ወንድም የለኝም ያልኩትን ሰምታዋለች።» ከዚያ ጫላን ወደ ቤት ንዳ አለችው። ያንን ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ ጫላ እንደገና ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሶፊም ገብቷት መጀመሪያ ቤት አለችው።

ግቢው ሰው ሞልቶበት ነበር፤ ለሽኝት የመጣ። ሻንጣዎቻችን በር ላይ ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው የታሸገ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በቆርቆሮ የተሞላ የአርሲ ቅቤ፣ እማማ መሰለች ሁለት ቀን የለፉበት የገብስ ጭኮ። እማማ መሰለች ልጃቸውን ሊስሙ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። የሶፊን ፊት ሲያዩ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ሶፊ በጎናቸው አለፈች፤ እናቷን መቆጣቷ አልነበረም፣ አላየቻቸውም። ጋሽ ሐዲስ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ከዘራቸውን ያነሡብኛል ብዬ ነበር። «አደራዬን በላህ» አሉኝ ብቻ። በላሁ ጋሼ አልኳቸው። ሰው ሳይሰበሰብ፣ በመንገድ ላይ፣ እንደ እንስሳ አሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። እውነታቸውን ነው፤ ሰው መርዶውን እንደዚያ አይሰማም። ግን ሰው እንደዚያም አይከርምም።

ሶፊን ተከትዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቤዚ ማድ ቤት ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የማስረሻ ስልክ ጭኗ ላይ ነው። ዓይኗ አብጧል። ሶፊን ስታይ እንደለመደችው ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አሥራ አራት ቀን የሠራችበት ፈገግታ ነው፣ ከንፈሯ ላይ ደርሶ አልሆን አለ። ሶፊ በሩ ላይ ቆመች። ያልኩትን ሁሉ ሰማሽው? አለቻት። ቤዚ ሰማሁት አለች። ሶፊ ይቅር በይኝ ልትል ጀምራ መጨረስ አቃታት፤ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ከቤዚ እግር ሥር፣ ጉልበቷን ያዘች። ቤዚ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ አወረደችው። አጭር፣ ያልተስተካከለ ፀጉሯ ታየ። እጇን የሶፊ ራስ ላይ አደረገችና፣ ለሶፊ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ በቀስታ ተናገረች።

«ምን አጠፋሽ? ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስልሽ፣ እኔም ሳላውቀው መጠበቅ ጀምሬ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ነው ለቅሶው የተነሣው፤ መጀመሪያ የጮኸችውም ቤዚ ናት።